ከውጭ አይቶ ማለፍ

ውድ ኮሊን፣

«የቅዱስ ኦስዊን ቤተ ክርስቲያን፦ በኋላ ዘመን እድሳት ውስጡ የተበላሸ፣ ለጎብኚ የሚሆን ነገር የሌለው። ከውጭ አይቶ ማለፍ ይበቃል።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ፤ የከተማችንን የኖሪችን ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በዘረዘርክበት አዲሱ መጽሐፍህ። እኔ ያወቅሁት ግን መጽሐፉን ገዝቼ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ይዘጋ ወይስ አይዘጋ ብሎ የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ባለፈው ማክሰኞ እኛ ጥቂት ምእመናን ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበልን። «እንግዲህ ባለሙያው ይህን ካሉ...» አለና መነጽሩን አወለቀ። ባለሙያው አንተ መሆንህ ነው።

ቤቴ እንደገባሁ ደወልኩልህ። የተባባልነውን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ።

«ገብተህ አይተኸዋል?» አልኩህ።

«በሩ ዝግ ነበር።»

«ቁልፉ ጎረቤት ወይዘሮ ኢኒድ ዘንድ እንዳለ በሩ ላይ ተለጥፏል እኮ!»

«አንብቤዋለሁ። ደጃቸው ድረስም ሄጄ ነበር። ግን የእሁድ ምሳ ሰዓት ሆነ፤ የጥብሱ ሽታ አጥሩ ድረስ ይመጣል። ሰው ማዕድ ላይ እያለ በር ይንኳኳል እንዴ?»

«ታዲያ ውስጡን ከየት አመጣኸው?»

«ኧረ ተው ሃዋርድ! የዚያ ዘመን እድሳት ያው ነው። አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል።»

ዩኒቨርሲቲ አብረን ታሪክ ስንማር፣ ምንጭ ሳልጠቅስ አንዲት ዓመተ ምሕረት ብጽፍ የምትስቅብኝ አንተ ነበርክ። ዛሬ ባልረገጥከው ቤት ላይ ትፈርዳለህ። ያውም በጨዋነት! የአንዲት አሮጊት ምሳ እንዳይቀዘቅዝ ብለህ ስድስት መቶ ዓመት የቆመ ቤተ ክርስቲያን ልታስዘጋ ነው።

ለወይዘሮ ኢኒድ ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። «ያ ባለ ኮፍያው ነው? በመስኮት አይቼዋለሁ እኮ! እጄን ባውለበልብለት ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሳኝና ሄደ። ምን ነካው? ድንች ተርፎን ነበር፤ በበላ!»

ስላላየኸው ልንገርህ። በጣሪያው ወራጆች ጫፍ የእንጨት መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ አንዱ አፍንጫ የለውም። አበላሸው ያልከው እድሳት አልነካቸውም፤ ሥራው ከወለሉ ሳያልፍ ነው የተቋረጠው። ባለቤቴ ጁዲት አፍንጫ የለሹን ትወደው ነበር። ባለፈው ኖቬምበር የሸኘናትም ከሥሩ ነው። ያን ቀን አልመጣህም፤ «በሐዘንህ መሃል ላለመግባት ብዬ ነው» የሚል ካርድ ላክህ። ጨዋነት መስሎኝ ለወራት ስከላከልልህ ኖርኩ። ለካ በሰው ደጅ ቆሞ መመለስ አመልህ ነው።

ኮሚቴው ድምፅ የሚሰጠው ማርች 20 ቀን ነው። ከተዘጋ ሕንፃውን ሊገዛ የሚፈልግ የቤት ዕቃ ነጋዴ አለ። እሱ እንኳ ቁልፉን ጠይቆ፣ ገብቶ፣ ቀና ብሎ አይቶ ነው የወጣው።

ይቅርታህን አልፈልግም። ለኮሚቴው የሚቀርብ አጭር ቃል ጻፍ፦ ውስጡን እንዳላየህ፣ የጻፍከውም በግምት እንደሆነ። ፊርማህን አኑርበት። ስልክ አላነሳም። መልስህ በወረቀት እስከ ዓርብ ማርች 14 ቀን እጄ ካልገባ፣ ይህንኑ ደብዳቤ ከነስምህ ኮሚቴው ፊት አነብበዋለሁ።

ሃዋርድ ሚንስ
የቅዱስ ኦስዊን ሰበካ ጉባኤ አባል