ስለ አቶ ኒቆዲሞስ ዘርዓብሩክ ሞትና በስማቸው ላይ ስለጻፍነው ደብዳቤ

ነጸብራቅ የክሮም ቅብ ባለሙያዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር
ድሬ ዳዋ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኅበሩ አባላት፣ ለከተማችን ጋራዦችና ለሕዝብ በሙሉ

የማኅበራችን መሥራች አባል አቶ ኒቆዲሞስ ዘርዓብሩክ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ሰኞ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ማኅበሩ በሕልፈታቸው እጅግ አዝኗል። ሐዘናችን ግን ጸጸት አለበት፤ ይህ መግለጫ በስምንት ቀን የዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አቶ ኒቆዲሞስ ከባቡር ሠራተኛው አባታቸው ከአቶ ዘርዓብሩክ ሀብተ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ካሣ በ1959 ዓ.ም. በከዚራ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ከተከታተሉ በኋላ በመኪና ቀለም ቅብ ሙያ ተሰማርተው ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

በ2003 ዓ.ም. ፕላስቲክን ክሮም የመቀባት ሥራ ጀመሩ። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ እንደ ብረት በቀጥታ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ክሮም አይይዝም። አቶ ኒቆዲሞስ ዕቃውን አጥበው፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ በላዩ ከብር ማዕድን የሚዘጋጅ ፈሳሽ በመርጨት መስታወት የሚያስመስሉበትን መንገድ በሙከራ ብዛት ለመዱት። ከዚያ ወዲህ ለደበዘዘ ስፖኪዮ፣ ለተላጠ የፓራውልት ጌጥና ለጎማ ኮፓ አዲስ ዕቃ ከጅቡቲ መጠበቅ ቀረ።

በ2007 ዓ.ም. ማኅበሩ በዘጠኝ አባላት ሲመሠረት ሙያቸውን ሳይሰስቱ አስተማሩን። ደንባቸው ጥቂት ነበር። የታጠበ ዕቃ በባዶ እጅ አይነካም፤ ጫት የያዘ እጅማ አጠገቡም አይደርስም። ከርጭቱ በፊት ያለው የመጨረሻ እጥበት ደግሞ በባትሪ ውሃ፣ ማለትም ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ይሆናል። የድሬ ዳዋ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ እንደሚጋግር እያንዳንዳችን ከቤታችን እናውቃለን። በቅቡ ሥርም ያንኑ ያደርጋል፤ ዕለቱን ባይታይም ቆይቶ ያስልጠዋል።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የባትሪ ውሃ ማመላለሱ ሥራ ያጓትታል በሚል በቧንቧ ውሃ እንዲተካ ወሰነ። ውሳኔው ለአቶ ኒቆዲሞስ አልተነገራቸውም። ይባስ ብሎ የቧንቧው ውሃ የተሞላው «የባትሪ ውሃ» የሚል ጽሑፍ ባለበት በርሜል ውስጥ ነበር። እሳቸውም ጽሑፉን አምነው መቶ ሃያ የባጃጅ ስፖኪዮ ሽፋኖች ሠሩ። ሽፋኖቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደ ሽንኩርት ተላጡ።

ግንቦት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ማኅበሩ ለሠላሳ አንድ ጋራዦች ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በተነ። የአቶ ኒቆዲሞስ ሥራ ከጥራት በታች ስለሆነ ምንም ዓይነት ዕቃ እንዳይሰጣቸው ይላል። እሳቸው «ውሃውን እዩት» ቢሉም ያየ አልነበረም። የራሳችንን ውሳኔ ያስታወሰ ሰው አልተገኘም፤ ያስታወሰም ካለ ዝም ብሏል።

በጥር 2015 ዓ.ም. የጥራት ክፍል ኃላፊያችን አቶ ሊባን ሲያድ አንዱን ሽፋን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን በባትሪ ውሃ አጥበው ቀቡ። የቧንቧው በአርባ ሁለተኛው ቀን ተላጠ፤ ሌላው ዛሬም ደህና ነው። ሪፖርቱ ለኮሚቴው ቀረበ። አቶ ኒቆዲሞስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በደብዳቤ የጠፋው ስማቸው በደብዳቤ እንዲመለስ።

ጥያቄው አራት ጊዜ አጀንዳ ሆኖ ቀረበ፤ አራት ጊዜም አደረ። አንዴ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፣ አንዴ ሊቀ መንበሩ መንገድ ላይ ናቸው፣ አንዴ በዓል ደርሷል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ «ጉዳዩ ስለተረሳ ባይቀሰቀስ ይሻላል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። በአራቱም ቀን አቶ ኒቆዲሞስ ምናልባት ብንጠራቸው ብለው ከዚራ በሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አልጠራናቸውም።

ከደብዳቤው በኋላ የመኪና ዕቃ የሚያመጣላቸው ጠፋ። ሳቢያን በሚገኘው ቤታቸው ሆነው ከአዲስ አበባ የሚላኩላቸውን መጫወቻ የሚያህሉ የሞዴል መኪናዎችና የሞዴል ባቡሮች ክፍሎች ይሠሩ ጀመር። አሮጌውን ክሮም በበረኪና እያስለቀቁ፣ የክብሪት እንጨት የሚያህል ፓራውልት በወረንጦ ይዘው ይቀቡ ነበር። ያ ሥራ የተራቀቀ ነው፤ ያደነቃቸውም ብዙ ነው። እሳቸው ግን የመንገድ መኪና ሰው ነበሩ፤ ወደዚያ የገፋናቸው እኛ ነን።

ሰኔ 4 ቀን የማኅበሩ ተወካዮች የመጀመሪያውን መግለጫ ይዘን ለቅሶ ደረስን። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዝናሽ እስከ መጨረሻው ካዳመጡን በኋላ «ይህን ለእኔ አታንብቡልኝ፤ እኔ ባሌን አውቀዋለሁ። ያንን ወረቀት የበተናችሁበት ጋራዥ ሁሉ ሂዱና እዚያ አንብቡት» አሉን። መግለጫውን ቀደን እንደገና ጻፍነው።

ስለዚህ ማኅበሩ የግንቦት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ደብዳቤ ሐሰት እንደነበረና የተሻረ መሆኑን፣ ጥፋቱም የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው እንጂ የአቶ ኒቆዲሞስ እንዳልነበረ ያስታውቃል። ከሰኔ 6 ቀን ጀምሮም ኮሚቴው ራሱ በየጋራዡ እየዞረ ይህን ቃል በሠራተኞች ፊት በማንበብ ላይ ይገኛል። እስካሁን በአሥራ አንዱ ተነቧል። «ተረስቷል» ያልነው ደብዳቤ በአራቱ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ አገኘነው። ከባለ ጋራዦቹ አንዷ ወይዘሮ ሂባቅ ለምን እንዳላነሡት ስንጠይቃቸው «ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማን ይቀድዳል አቦ? እናንተን ስንጠብቅ ነበር» ብለውናል።

ለወይዘሮ ዝናሽ፣ ለልጃቸው ለሃኒ፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለሟችም ፈጣሪ እኛ የነፈግናቸውን ዕረፍት ይስጣቸው።

ሃያ ጋራዥ ይቀረናል።

ኢክራን ዐብዱላሂ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው