ጅግራዋን ያረድኳት እኔ ነኝ

አባብዬ፣

እንዴት ከርመሃል አልልህም፤ ያለህበትን አንድዬ ያውቃል። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ አላስቀምጥ ብሏታል። ከግቢያችን ፊት ለፊት ፎቅ ተሠርቶ የጠዋት ፀሐያችንን ከልሎታል። ታናሽ ወንድምህ ጋሼ ታደሰ ወጥመዶችህ ይጣሉ ብሎ ነበር፤ ሴት ልጅ በሸንኮራ ማሳ ዳር ስትዞር ሰው ምን ይላል አለ። ሰው የፈለገውን ይበል፣ አልጣልኳቸውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በወንጂ መንገድ እወርዳለሁ። እንዳስተማርከኝ ወፏ ወጥመድ ውስጥ ሳትሞት እደርሳለሁ፤ ከሞተች በክት ናት፣ አትበላም። አጠማመዱንም፣ ላባ አነቃቀሉንም፣ የከሰሉንም ልክ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ቢላዋውን ግን አንድም ቀን አልሰጠኸኝም። ሴት አታርድም አልክ፤ ለምን ስልህ ነውር ነው ብለህ ዘጋኸኝ። ዛሬ ልንገርህ፣ ያን ጊዜ አንጀቴ አርሮ ነበር።

ከሄድክ ወዲህ ጅግራ ይዤ በመጣሁ ቁጥር፣ እንደ ሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በር ላይ ቆሜ የሚያርድልኝ ወንድ እለምን ጀመር። አንድ ቅዳሜ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ጅግራዋ ከረጢት ውስጥ ስትፈራገጥ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር አስቆምኩ። ሳቀብኝ። ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባርድልሽም አትበዪውም አለኝ። እውነቱን ነው። ወፏ አሳዘነችኝ፤ ከሷ ይልቅ ግን በራሴ ተናደድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ አድኜ፣ ለአንድ አንገት ወንድ ልለምን? ገባሁና ቢላዋህን ሳልኩ፣ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፣ አረድኳት። ሰማዩ አልተደረመሰም።

በፈላ ውሃ ላባዋን ነቅዬ፣ ደረቷን ሰንጥቄ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሸኋት። ነበልባሉ እስኪበርድ ጠብቄ ፍርግርጉ ላይ ዘረጋኋት። የጅግራ ሥጋ ደረቅ ነው፣ ቂቤ አትንፈጊው ትል አልነበር? የጥብስ ቅጠሉን ቂቤ ውስጥ እየነከርኩ ስቀባት ሽታው ጎረቤቱን አዳረሰ። ጋሼ ታደሰም ሽታው ጠርቶት ነው መሰለኝ ከተፍ አለ፣ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ማን አረዳት ሲል፣ እኔ አልኩት። ብድግ አለ። ሴት ያረደችው በጉሮሮዬ አይወርድም፣ ለሙት ዓመቱም እንዲህ ያለ ነገር ከቀረበ እግሬን አላነሳም አለ።

ያን ጊዜ እማዬ፣ በሰው ፊት ቃል የማይወጣት እማዬ፣ ታፋውን ከፍርግርጉ ላይ አነሣች።

«እኔ ልጄ ያረደችውን እበላለሁ። አንተ ቤትህ ሄደህ ሽሮህን ብላ» አለችው።

አባብዬ፣ እንግዲህ ሙት ዓመትህ ደርሷል። የበጉን ወጥ እድርተኞቹ ይሥሩት፤ ጅግራዎቹን ግን እኔ አጠምዳለሁ፣ እኔ አርዳለሁ፣ እኔ እጠብሳለሁ። ጋሼ ታደሰ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ቢቀር ድርሻውን ለነዳያን እሰጠዋለሁ። ተደብቄም አላርድ፣ ማን አረደው ላለኝም አልዋሽ። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ያስብህ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ከሰል ባቀጣጠልኩ ቁጥር ስምህን አነሳለሁ።

አንተም ቅር ካለህ በሕልሜ ና፣ ተቆጣኝ። ቁጣህም ናፍቆኛል።

ልጅህ