የወይዘሮ ሉቪኒያ ድንጋይ

ቴምፕል ክሪክ፣ ጆርጂያ
መጋቢት 12 ቀን 1936

ይድረስ ሺካጎ ላለሽው ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለኮርዲሊያ፤

ስለ ጉልበቴ ካልጠየቅሽኝ ደህና ነኝ። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትሳቂ፤ ይህ እጅ ከእርሳስ ይልቅ ማረሻ ነው የለመደው።

እናትሽ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነውና ድንጋይ ላስቀርጽላት ከተማ ወረድኩ። ነጩ ድንጋይ ጠራቢ የሚጻፈውን ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ሉቪኒያ ብዬ እጽፋለሁ። ወይዘሮ ግን ለጥቁር አይጻፍም፣ አንተ ሽማግሌ!»

«ሞታለች እኮ ጌታዬ። አሁን ማንን ታስፈራለች?»

«ዛሬ ለእሷ ብጽፍ ነገ ሁላችሁም ትሰለፉብኛላችሁ።»

ዕድሜው ካንቺ ያንሳል። ድንጋዬን በጋሪ ጭኜ ተመለስኩ።

የኔ እናት እንደ ከብት የተሸጠች ናት፤ የት እንደተቀበረች እንኳ አላውቅም። እናትሽ ደግሞ ዕድሜ ልኳን የሰው ልብስ ስታጥብ፣ አፉን በቅጡ ያልፈታ የነጭ ሕፃን ሳይቀር «ሉቪ» እያለ ሲያዛት ኖረች። «አቤት» ማለቷ ይብቃ አልኩ።

እኔው በመሮ ቀረጽኩት። ፓስተር ቶልበርት ፊደሉን በከሰል ነደፈልኝ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መቃብሯ ላይ ላቆመው መሆኑን ሲሰማ ግን ላብ አጠመቀው።

«ጋሽ ሲላስ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያቃጥሉብናል!»

እውነቱን ነው። በእግዚአብሔር ቤት እሳት አልጠራም ብዬ በገዛ መሬቴ፣ ደጄ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሬ ተከልኩት። ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል፤ እናትሽስ ባርኔጣዋን መቼ አቅንታ አድርጋ ታውቃለች!

ትናንት የሸሪፉ ምክትል መጥቶ፣ «እስከ ቅዳሜ ንቀለው። ጭምብል ለባሾቹ ከመጡ እኔ የለሁበትም» አለኝ።

«እርስዎም አብረው ከመጡ ጫማዎን ይቀይሩ፤ አውቀዋለሁ» አልኩት።

ጀርመን አገር አንዱን ዘር ከመናፈሻ ወንበር ያባርራሉ ብለሽ ደንግጠሽ ጽፈሽልኛል። ልጄ፣ የኛን ባቡር ጣቢያ ወንበር ረሳሽው እንዴ? ማን ያውቃል፣ ከዚሁ ቀድተውት ይሆናል።

ወዳንቺ እንድመጣ የላክሽልኝን የባቡር ቲኬት መልሼ ልኬዋለሁ። አትቆጪኝ፤ እናትሽን መንገድ ዳር ብቻዋን ትቼ አልመጣም። ቅዳሜ ጢሜን ተላጭቼ፣ የሰርጌን ኮት ለብሼ፣ ወንበሬን ከጎኗ አወጣለሁ።

ሕፃኗን ግንባሯን ሳሚልኝ። የዘራሽው ይብቀል፣ የወለድሽው ይደግ፣ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ። ደብዳቤዬ ቢዘገይብሽ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ነው በይ።

አባትሽ
አቶ ሲላስ ጋድሰን