አንድ አያት ጎደለ

ኅዳር 3
ጠዋት ወልድያ ታሪክ ሳስተምር አረፈድኩ፤ ከሰዓት የስኮትላንድ ሙታን። የኢንተርኔት ሥራዬ ነው... የድሮ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፎቶ ይልኩልኛል፣ የደንበኛዬን ዘር ለቅሜ አወጣለሁ። ማን ተጠመቀ፣ ማን አገባ፣ ማን ተቀበረ። ሕጌ አንድ ነው፤ መዝገብ ላይ ያላየሁትን ሰው አልቆጥርም። ደንበኛዬ ማርጋሬት ከመኳንንት መወለዷን አትጠራጠርም። እስካሁን ያገኘሁላት በግ አርቢ፣ በግ አርቢ፣ አንድ በግ ሌባ። ሌባውን እንዴት ብዬ ልንገራት?

ዛሬ ደግሞ የቅድመ አያቷን ወንድም አገኘሁ። እኛ እንድርያስ የምንለው ስም ነው ያለው። ሳያገባ፣ ሳይወልድ ወንዝ ወሰደው። አሳዘነኝ። ለማርጋሬት ብነግራት "ልጅ ከሌለው አውጪው፣ ሐረጉን ያጨናንቃል" አለች።

ኅዳር 9
የፍቅረኛዬ የደጀን ሽማግሌዎች ከመርሳ መጡ። ደጀን ሲሪንቃ፣ ማሽላ ምርምር ላይ ነው የሚሠራው። አባቴ እሺ አለ። ቀጥሎ ዘር ቆጠራ... ሰባት ቤት ካልተራራቅን ጋብቻ የለም። የደጀንን አጎቱ አያ ማሩ ቆጠሩ፣ የእኔን አባቴ። ሁለቱም ሄደው ሄደው ሐብሩ፣ አንድ ይመር የሚባል ሰው ላይ ደረሱ። በደጀን በኩል ሰባት። በእኔ በኩል ስድስት።

 እናቴ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።
"መሀል ላይ የተረሳ ሰው አለ" አሉ አያ ማሩ።
"በምን አወቁ?" አልኳቸው።
"ይታወቃላ።"
የኛ ማስረጃ እንግዲህ ይሄ ነው። ያለ መዝገብ ሰው አይቆጠርም ብዬ ተነሳሁ፣ በገዛ ሰርጌ ላይ። አባቴ ሳቀብኝ። "አይናለም፣ የፈረንጅ ሙት ስትፈልጊ አይደል የምትውይ? የራስሽንም ፈልጊያ።" እስከ ገና ቀጠሩኝ። ካልተገኘ ቀረ ማለት ነው። አፌን ምን አስከፈተኝ?

ኅዳር 17
ሐብሩ፣ አባቴ የተጠመቀበት ደብር። መዝገብ አለ፤ ግን የቅርብ ጊዜ ነው፣ ያውም በክርስትና ስም። "የአያትሽ የክርስትና ስም ማነው?" አሉኝ ቄሱ። አላውቅም... የበግ ሌባውን ክርስትና አባት እንኳ አውቃለሁ። አፈርኩ።

ከዚያ ልደት የሚመዘግብ ቢሮ ሄድኩ።
"የማንን ልደት ነው?"
"የቅድመ አያቴን አያት።"
"ራሳቸው ቀርበው ያመልክቱ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘው።"

ታኅሣሥ 2
ደጀን ደወለ። "አገኘሽ?" አላገኘሁም።  "ማሽላ ብትሆኝ ዘርሽን እኔ እነግርሽ ነበር" አለኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከሱ ሌላ ሰው አላገባም። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ይቀመጥ።

ታኅሣሥ 27
መርሳ፣ አያ ማሩ ቤት። "እህ፣ ተገኘ?" ሁሉም እኔን ያያል፤ ደጀን መሬት መሬቱን። አልተገኘም ልል ነበር። ከአፌ የወጣው "እንድርያስ" ነው።

...ምን አልኩ?

አያ ማሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እንድርያስ... የይመር ልጅ። እንዴት ረሳሁት።"
"ረጅሙ?" አለች የደጀን አክስት ዘነበች።
"ረጅሙ። ድምፀ መረዋው።"
አባቴም ሰጋር በቅሎ ነበረችው ሲባል ሰምቻለሁ አለ። አባቴ!
"በምን ሞተ?" ብለው ወደኔ ዞሩ።
"ውሃ ወሰደው።" ይቺ እንኳ እውነት ናት።
"ነፍስ ይማር" ተባለ። ሰባት ሞላ።

ስወጣ አያ ማሩ በር ላይ ያዝ አደረጉኝ። "ከየትም ይምጣ ልጄ። ዋናው መምጣቱ ነው።"

ጥር 14
ተጋባን። አዝማሪው "የእንድርያስ ዘር" እያለ ሲያሞግሰኝ አባቴ ተነስቶ ሸለመው።

የካቲት 6
ዘነበች መጣች። የእንድርያስ ተዝካር ሳይወጣ ቀርቷል አሉ፤ ዘመዱ ተሰብስቦ ሊያወጣለት ነው፣ በጉም ተገዝቷል። ባገሩ አንድ ልጅ ያልነበረው ሰው... እዚህ ድግሱ ላይ ማን ከፊት ይቀመጥ ብለው ይጣሉበታል።

ማታ ማርጋሬት ጻፈች። "ሐረጉን ልንዘጋው ነው። እንድርያስን አወጣሽው?"

 "አላወጣሁትም፣ ልጅ የለውም ያልኩሽ ስህተት ነው። ዘር አለው፣ ሐብሩ ውስጥ" ብዬ መለስኩላት።

ወዲያው መጣ መልሷ። "ማስረጃሽ ምንድን ነው?"

"አያ ማሩ ያውቁታል" ብዬ ላክሁላት።