ግማሹ ፊቴ

ልጄ፣ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፣ ክፉ አይንካሽ። የምመርቅሽ እናት ሆኜ እንጂ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።

እጮኛሽን በቪዲዮ ስታሳዪኝ "አፏን አጣማ አየችው" ብለሽ ለአክስትሽ ከሰስሽኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሺም። ጎሽ! እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ! አክስትሽም ወሬውን ሳታቀዘቅዝ አደረሰችልኝ፤ እሷም የእጇን ታገኛለች።

አፌን እኔ አላጣመምኩትም። ስሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሬ እንደምይዝ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሙሽራ አቁሜ ቀሚስ ሳስተካክል ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ጠብ አለ። ሙሽራዋ ጮኸች። ለካ ስፒሉ ከንፈሬን ወግቶታል፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። የፊቴ ቀኝ ጎን ደንዝዞ ወርዷል፣ ዓይኔም አልከደን ብሎኛል። አሁን እንደ ጀማሪ ስፒል ከስፖንጅ ላይ እየለቀምኩ ነው የምሰፋው።

ሐኪሙ "ብዙ ሰው ላይ የማይታይ በሽታ ነው፤ የገዛ ሰውነትሽ የፊትሽን ነርቭ እንደ ጠላት ቆጥሮ እየመታው ነው" አለኝ።

"ገባኝ፣ ልጄም እንደዚያው ናት" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም።

የሠርግ ቀሚስሽን ሌላ ሰው ቢሰፋው አልምርሽም፤ ልክሽን ላኪልኝ። ትዳርሽ ይስመርልሽ፣ ቤትሽ ይሙላ። ልጁንም ደግመሽ አሳዪኝ። ስትደውዪ ግን ግራ ጎኔን እዪ። እጮኛሽን ያሳየሽኝ ቀንም በግራ ጎኔ እየሳቅኩ ነበር።

እናትሽ