በሰያፍ የተቆረጠ ግንድ

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ከረሙ፣ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዓይን ጠብታውን በየቀኑ ነው የሚያደርጉት ወይስ ትዝ ሲልዎ? እህቴ በጻፈችልኝ ላይ "አባባ ደህና ነው" ይላል። ደህና ማለት በእርስዎ ቤት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልጻፈችም። አክስቴስ? ሳሏ ተወት አደረጋት? እኔ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ተብሎ ነው የሚጻፈው። የጎደለውን ከታች እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ቃል ለአንባቢዋ፣ ለታናሽ እህቴ። ክፉ ነገር ላይ ስትደርሺ ጉሮሮሽን ጠረግ አድርገሽ ሁለት መስመር እንደምትዘዪ አውቃለሁ። አጎታችን ታሞ የጻፈውን "ሰላምታ ብቻ ነው" ብለሽ ያጠፍሽው ዕለት አጠገብሽ ነበርኩ። ይህንን አትዝለዪ። ቃል በቃል አንብቢላቸው።

ሥራዬ ያው ነው፣ አባባ። አዳራሹ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው፤ መስኮት የለውም። አበባው በባልዲ ይገባል፤ በርዝመት እንለየዋለን፣ የታችኛውን ቅጠል እንገፍፋለን፣ ግንዱን በሰያፍ እንቆርጣለን። በሰያፍ የሚቆረጠው አፉ ሰፍቶ ውኃ በደንብ እንዲጠጣ ነው። ስድስት ዓመት በሰያፍ ቆርጫለሁ። አሁን ዳቦም ሽንኩርትም ስቆርጥ እጄ ራሱ ጋደል ይላል። ኃላፊያችንን "ሜትር" እንላታለን። ከአዳራሹ ማዶ ሆና "ያቺ በሁለት ጣት ታንሳለች" ካለች፣ ስንለካት በሁለት ጣት ታንሳለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጎማ ጠጋኙ በላይ ባለችው ክፍል የዕፅዋት ትምህርት እማራለሁ። አሥራ አንድ ነን፤ ግማሹ የትምህርት ቤት ፈተና ያለበት ነው፣ ግማሹ እንደኔ ኮሌጅ መግባት የሚፈልግ። መምህሩ ጡረታ የወጡ ናቸው። ከታች ጎማ ሲተነፍስ ንግግራቸውን ያቆማሉ፤ ተንፍሶ ሲያልቅ ከቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። "ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው" ይላሉ። ዝርዝሩ ግን አራት መቶ ገጽ ነው።

ድንች ሥር አይደለም፣ ግንድ ነው። አዎ፣ ይሳቁ። እኔም ስቄ ነበር። መምህሩ አንድ ድንች ከኪሳቸው አወጡና "ይህች ዓይን ምንድን ናት?" አሉን። "እምቡጥ ናት። እምቡጥ ተሰልፎ የሚገኘው ግንድ ላይ ነው። ያላመነ ምሳውን ይመርምር" አሉ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ዓይን ያለውን እየመረጡ ቆርጠው ሲተክሉ ኖረዋል፤ ስሙን ብቻ ነው ያልነገሩን። ከተከራከሩ ከመምህሩ ጋር ነው፣ እኔ የለሁበትም።

አሁን ወደ ጎደለው ልምጣ።

አምና "ፈተናውን አልፌ ኮሌጅ ገባሁ" ብዬ ጽፌ ነበር። አላለፍኩም። አልገባሁም። ኮሌጁን የማውቀው ከአጥሩ ውጪ ነው።

የጽሑፉን ፈተና አልፌዋለሁ። የወደቅሁት በተግባሩ ነው። አንድ ቁራጭ ግንድ ይሰጡናል፤ በምላጭ አግድም፣ ከወረቀት የሳሳ አድርገን እንቆርጥና በማይክሮስኮፕ አይተን እንስላለን። እጄ በሰያፍ ቆረጠው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱም ጋደል አሉ፣ ወፈሩም። አጎንብሼ ሳይ ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ እርሳሱን ያንቀሳቅሳል። እኔም የመጽሐፉን ሥዕል ከነቁጥሩ ሸምድጄው ስለነበር እሱን ሣልኩ፤ ውኃ አስተላላፊዎቹ ቱቦዎች እንደ መቁጠሪያ ዙሪያውን በክብ ተሰልፈው። ውብ ነበር። የተሰጠኝ ግን የበቆሎ ግንድ ነው። የበቆሎ ቱቦዎች በክብ አይሰለፉም፣ ተበታትነው ነው ያሉት። ፈታኟ ሥዕሉን አይተው፣ ቁራጩን አይተው፣ "ይህንን የት አየሽው?" አሉኝ።

በዚያው ሳምንት "አለፍኩ" ብዬ ጻፍኩልዎ። ለምን እንደሆነ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እጄ ለምዶት ይሆናል። እርስዎ ለልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነገሩት፤ ለልብስ ሰፊው መንገር ማለት ለመንገዱ ሁሉ መንገር ነው። ከዚያ ያቺ በጨርቅ የተቋጠረች ዘር መጣች። "አልበቅል ያለችኝ ዘር ናት፤ በኮሌጁ መሣሪያ ውስጧን እይልኝ" ብለው ነበር። ስምንት ወር በቆርቆሮ ጣሳ አልጋዬ ሥር ተቀምጣለች። ከአልጋው ሥር በጠረግሁ ቁጥር ትንኳኳለች።

ኮሌጁ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈትነው። ሁለተኛዬ ባለፈው ሰኞ ነበር። ሦስተኛ የለም። ካለፍኩ ሁለት ዓመት ተምሬ የዘር መመርመሪያ ክፍል እገባለሁ፤ እዚያ መስኮት አለ። ከወደቅሁ ባልዲው ይጠብቀኛል።

ከፈተናው በፊት ሜትር ነገሩን ሰማች። ሳቀችብኝ። "ዶክተር ቅጠል! ስድስት ዓመት ግንድ ስትቆርጪ ኖረሽ ግንድ መቁረጥ አቃተሽ?" አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ። በምሳ ሰዓት ግን አጥረው የተጣሉትን ግንዶች በባልዲ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። "በነዚህ ተለማመጂ። ለገበያ የሚሄደውን ቀጥ አድርገሽ ስትቆርጪ ካየሁሽ ግን የምለካው ጣትሽን ነው" አለች። ሦስት ሳምንት ተለማመድኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ባልዲ ጽጌረዳ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ ተመለሰብኝ። በዚያው ቀን መለማመጃውን በሰያፍ ቆረጥኩ። እጄ የቱ ጋ እንዳለ ጠፋው። ሜትር አየችኝና የተመለሰውን ባልዲ በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ሄደች፤ ያ ደግሞ ከስድቧ ባሰ።

ሰኞ ያው ክፍል፣ ያው ስድስት ማይክሮስኮፕ፣ እኚያው ፈታኝ። የመነጽራቸው እጀታ በክር ታስሯል። አረንጓዴ ቁራጭ ሰጡኝ። ቆረጥኩ። ጋደለ። ደገምኩ። ጋደለ። ሦስተኛው አንድ ጠርዙ ስስ ሆነ፤ ሌላው ወገን እንደ በር ማስደገፊያ ሽብልቅ ወፍራም ነው። ምላጩን አስቀመጥኩ፤ ከሦስት በላይ አይፈቀድም።

አጎንብሼ አየሁ። ወፍራሙ ጥቁር ነው። በስሱ ጠርዝ ግን ብርሃን አልፏል፤ ህዋሶቹ ይታያሉ፣ እንደ ንብ ቀፎ ግን ያን ያህል ያልተስተካከሉ። ቱቦዎቹም አሉ። ቆጠርኳቸው፣ አምስት ናቸው። አምስቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ ጎበጥ ባለ መስመር። በክብ ሊሆኑ ይችላሉ። እጄ ክቡን ሊዘጋው ፈለገ፤ የእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱን ነክቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። እርሳሱን አነሳሁት። አምስቱን ብቻ ሣልኩ። የቀረውን ባዶ ተውኩትና ከሥሩ "ይህ ክፍል አልታየም" ብዬ ጻፍኩ።

ፈታኟ መጡ። "ቀሪውስ?" አሉ። አልታየኝም አልኩ። "ባለ አንድ ክክ ነው ባለ ሁለት?" አሉ፤ ዘሩ እንደ በቆሎ አንድ ወጥ ነው ወይስ እንደ ባቄላ ለሁለት የሚከፈል ማለታቸው ነው። አምስቱ የተሰለፉ ስለሚመስሉ ባለ ሁለት እላለሁ፣ ስድስተኛው የት እንዳለ ግን አላውቅም አልኩ። በማይክሮስኮፑ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በግራ እጃቸው ከልለው አንድ ነገር ጻፉ። "እሺ" አሉ። እሺ ብቻ። ሦስት ቀን ሙሉ "እሺ"ን አገላብጬ አየሁት። አይቆረጥም።

ማክሰኞ ጣሳውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ለመምህሩ ወሰድኩላቸው። ዘሩን ለማየት የኮሌጅ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር፤ ልጠይቅ ስላፈርኩ ነው የቆየው። መምህሩ በጥፍራቸው ሞክረው "ቆዳዋ ድንጋይ ነው፤ ውኃ አታስገባም" አሉ። ከዘሩ ስምንት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ዘረጋሁ፤ አራቱን በአሸዋ ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ፣ አራቱን እንዳሉ። ዛሬ ከታሹት ሁለቱ አብጠዋል። ሥር አላወጡም። ሌሎቹ እንደነበሩ ናቸው።

የፈተናው ውጤት ነገ በአራት ሰዓት አጥሩ ላይ ይለጠፋል። ፖስታ ቤቱ ዛሬ በአሥራ አንድ ይዘጋል። ነገ ውጤቱን ካየሁ በኋላ የምጽፈውን ዓይነት ደብዳቤ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ይህንን ዛሬ እልከዋለሁ። ለልብስ ሰፊው እርስዎ ይንገሩት ወይም ይተዉት። ከነገሩት ግን ሁሉንም ይንገሩት።

አክስቴን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ሳሉ ካልተዋት ሐኪም ቤት ትሂድ፣ "ደህና ነኝ" አይሠራም። የእህቴን ባል፣ ሾፌሩን፣ በርቀትም ቢሆን ቀስ ብለህ ንዳ በሉልኝ። ልብስ ሰፊውንም ሰላም በሉት፤ መቼም ሰላምታዬን ከእናንተ በፊት ይሰማል። እርስዎን ጉልበትዎን ስሜ፣ አባባ።

እህቴ፣ ከዚህ በታች ያለው ባዶ ነው። አልዘለልሽም፤ ያለው ይኸው ነው።

ልጅዎ
ከአበባ መለያው አዳራሽ ጀርባ፣ ባለ አንድ አልጋዋ ክፍል
ሐሙስ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን