የእሱ ቃል በእኔ ስም

ይድረስ ለጓደኛዬ እናት፣

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የደረጃው መብራት ተሠራ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚወጡት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ሌላ መልስ ስለሌለኝ ነው።

እኔና ልጅዎ ዘጠኝ ዓመት የደከምንበትን ፕሮግራም ያውቁታል፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነበውን። በነጻ ነው፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድም ለማንም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ያርመዋል። ያለ ደመወዝ የሚያጨቃጭቅ ሥራ ምን ዓይነት ነው እያሉ ይስቁብን እንደነበር ነግሮኛል።

ኮዱ የተቀመጠበት ድረ ገጽ ሊዘጋ ነው። ልጅዎ ገና ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሌላ እናዛውረው ብሎኝ ነበር። እኔ ያልተበላሸ ነገር አይነካም አልኩ። እርስዎም ነዝናዛው የሚሉት በከንቱ አይደለም፣ በየሳምንቱ ይጽፍልኝ ጀመር። አንድ ቀን ሰው ሁሉ በሚያነበው ገጽ ላይ ፈሪ ነህ አለኝ። አኮረፍኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? መታመሙን ስሰማ እንኳ ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቀኝ ብዬ ጠበቅሁ።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን አዛወርኩት። ኮዱ በደህና ገባ። እዚያው ገጽ ላይ የተጻጻፍነው ግን ጉድ ሆነ፤ ልጅዎ አካውንት ስለሌለው አዲሱ ድረ ገጽ ቃሉን ሁሉ አዛዋሪው ላይ፣ እኔ ላይ ለጠፈው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩ መሰልኩ። ፈሪ ነህ የሚለውም በእኔ ስም ለእኔው ተጽፏል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ሳነብ፣ መጨረሻ ላይ ሳልከፍተው የቀረ አንድ ጽሑፉን አገኘሁ። ሆስፒታል ከገባ በኋላ የጻፈው ነው። ሥራውን ብቻህን እንዳትሸከመው፣ የሚያግዝህ ሰው ፈልግ ይላል። ስለ ጠባችን አንድም ነገር አላነሳም።

እማማ፣ ይህ በእኔ ስም መቅረት የለበትም። አሮጌው ገጽ በወሩ መጨረሻ ሲዘጋ ስሙ ያለበት ሌላ ቦታ አይኖርም። አዲሱ ገጽ ላይ አካውንት ከከፈትኩለት ቃሉ ወደ ስሙ ይመለሳል፤ ግን ለመክፈት ድረ ገጹ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልኩ ይልካል። ስልኩን አጥፍተው ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጡት በለቅሶው ሰሞን ነግረውኛል። እርስዎ ካልፈቀዱ አልነካውም። ከፈቀዱ ግን እሁድ ከሰዓት ያብሩልኝ፤ ቁጥሩ ስልኩ ሳይከፈት ፊቱ ላይ ይታያል፤ ደውለው ያንብቡልኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ሲያበሩት ከእኔ የተላኩ ብዙ መልእክቶች ተከታትለው ይገባሉ። አይደንግጡ። ከፈለጉ ያንብቧቸው፤ ቀናቸውንም ያያሉ። ሁሉም ከቀብሩ በኋላ የተላኩ ናቸው።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎት፣ ሐዘንዎን ያቅልልዎት። እሁድ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ባይደውሉም አልቀየምም፤ መቀየምስ ይብቃኝ።

ከፈቀዱልኝ፣ አሁንም
የልጅዎ ጓደኛ